መርከቧ የዘገየችባት እናት፦ አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)



ጁሙዓ ሙባረክ ውድ ወንድሞችና እህቶች! በብቸና፣ በሞጣና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ሆናችሁ፣ ከዚያም ርቃችሁ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ ወይም በዐረብ አገር ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አላህ ቀናችሁን የተባረከ ያድርግላችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ መዘግየት ነው። ከእናንተ መካከል የሚጠብቀው ነገር የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ በሌላ ከተማ ያሉ እኩዮቹ ክፍል ሲቆጥሩ እሱ በነበረበት የቀረ ልጅ አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ውጤት ያልመጣለት አለ። እሱ ብቻውን አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዲግሪዋን ይዛ የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ሁለትና ሦስት ክረምት ያለፈባት እህት አለች። ኒካሕ አስቦ መህሩና የቤት ኪራዩ አልገጥም ያለው ወንድም አለ። ቤተሰብ ልትረዳ ባሕር ተሻግራ፣ በዚህ ዓመት እመለሳለሁ ስትል ዓመት በዓመት ላይ የተደረበባትም አለች።

እንዲህ ላለ ሰው ሰብር አድርግ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። ለሚጠብቀው ሰው ግን ሌሊት ሌሊት የሚመጣበት ሌላ ጥያቄ አለ። ያለፉት ዓመታቴ ባከኑ ወይ? እኔ ቆሜ ስጠብቅ ሌሎች ቀድመውኝ ሄዱ፤ አላህ ዘንድስ ቦታዬ ወደ ኋላ ቀረ ወይ? ይላል ልቡ።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከ1,400 ዓመት ገደማ በፊት አንዲት ሴት ይህንኑ ጥያቄ በልቧ ይዛ፣ እስኪመለስላት ድረስ ምግብም ውኃም አልቀምስም ብላ ምላ፣ ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳለች። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ደግሞ በሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ በእኛ ምድር፣ በሐበሻ ነው። ስሟ አስማ ቢንት ዑመይስ ነው፤ አላህ መልካም ሥራዋን ይውደድላት።

አስማ የኸሥዐም ጎሳ ልጅ ናት። ቤተሰቧን ብታውቁ እስልምና ምን ያህል በቅርቧ እንደነበረ ይገባችኋል። በእናት የምትገናኛት እህቷ መይሙና በኋላ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሆናለች። ሌላዋ የእናቷ ልጅ ኡሙል ፈድል የነቢዩ አጎት የዐባስ ባለቤት ነበረች። ሰልማ የምትባለው እህቷ ደግሞ የሐምዛ ባለቤት ነበረች። አስማ ራሷ ያገባችው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን ነው፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ፣ የዐሊይን ታላቅ ወንድም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጃዕፈርን በመልክም በጠባይም እኔን ትመስላለህ ብለው የመሰከሩለት ሰው ነው።

ሁለቱም እስልምናን የተቀበሉት ገና ሙስሊሞች በጣት በሚቆጠሩበት ጊዜ ነው። ወጣቶች ነበሩ። ትዳራቸውም አዲስ ነበር። መካ ውስጥ ግን ላመነ ሰው ቀኑ ከቀን እየከበደ ሄደ። ድብደባው፣ ስድቡ፣ ከዘመድ መቆረጡ ሲበዛ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ መከሯቸው። እዚያ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነገሯቸው። ጊዜው ነቢይነት በመጣ በአምስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 615 ገደማ ነው። በመጀመሪያ ጥቂቶች ወጡ። ቀጥሎ በወጣው ሰማንያ ያህል ወንዶችና ከዐሥራ አምስት የሚበልጡ ሴቶች በነበሩበት ቡድን ውስጥ ጃዕፈርና አስማ ነበሩበት።

ቀይ ባሕርን ተሻግረው የገቡት በአክሱም ነገሥታት ይተዳደር ወደነበረው ምድር ነው። ከብቸናና ከሞጣ ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኝ ቦታ ነው። ዛሬ በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለችው የነጋሽ መንደርና መስጂዷ የዚያን ዘመን ትዝታ ይዘዋል። እናንተ ያላችሁበት መሬትና እነሱ የተጠለሉበት መሬት በአንድ የሐበሻ ስም የሚጠራ ስለሆነ፣ የአስማን ታሪክ ስታነቡ የሩቅ ሰው ታሪክ እንደምታነቡ አታስቡ። ይህን የክረምት ብርድ ታውቀዋለች። የእምነቷ ሰዎች ጥቂት በሆኑበት አገር ከብዙ ክርስቲያን ጎረቤቶች ጋር መኖርን ታውቀዋለች።

ስትወጣ ምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ አስባ ይሆን? የምናውቀው፣ ስደተኞቹ ገና ብዙም ሳይቆዩ የመካ ሰዎች ሰለሙ የሚል ወሬ ወደ ሐበሻ እንደደረሰ ነው። ይህን ሰምተው የተወሰኑት ተመለሱ። መካ ሲቃረቡ ግን ወሬው ውሸት ሆኖ አገኙት። ተስፋ አድርጎ ተስፋው ሐሰት ሆኖ ማግኘት ምን እንደሚመስል፣ ፈተናው ሊሰጥ ነው ተብሎ የተራዘመባችሁ፣ ቅጥሩ ወጥቷል ተብሎ የቀረባችሁ ታውቁታላችሁ።

ቁረይሾችም ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዓስንና ሌላ አንድ ሰው የቆዳ ስጦታ አስይዘው ወደ ንጉሡ ላኩ፤ ስደተኞቹን አሳልፎ እንዲሰጣቸው። ያን ቀን በቤተ መንግሥቱ ለሙስሊሞቹ የተናገረው የአስማ ባል ጃዕፈር ነው። ምን ላይ እንደነበሩ፣ ነቢዩ ወደ ምን እንደጠሯቸው፣ ለምን እንደተሰደዱ አስረዳ። ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ አነበበ። ንጉሥ ነጃሺ አለቀሱ፤ ጳጳሳቱም አለቀሱ። ንጉሡ ስጦታውን መልሰው ስደተኞቹ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀዱ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩን ስንተርክ እዚህ ላይ እናቆማለን። የነጃሺን ፍትሕ አመስግነን እንዘጋዋለን። ለአስማ ግን ያ ቀን መጀመሪያው ነበር። ከዚያ ችሎት በኋላ ገና ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረባት።

መጠጊያው ራሱ የተንቀጠቀጠበት ጊዜም ነበር። በነጃሺ ላይ መንግሥቱን የሚቀማ ሰው ተነሣባቸው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደተረከችው፣ ስደተኞቹ በሕይወታቸው እንደዚያ ያዘኑበት ቀን አያስታውሱም። ይህ ንጉሥ ቢሸነፍና የእነሱን መብት የማያውቅ ሌላ ቢመጣ ወዴት ይሄዳሉ? ጦሩ ከወንዝ ማዶ ነበር፤ ዘጋቢዎቹ ወንዙን ናይል ይሉታል። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም እኔ ሄጄ ወሬ አመጣለሁ አለ። አቁማዳ ነፍተው ደረቱ ላይ አሰሩለት፤ በእሱ ላይ እየተንሳፈፈ ተሻገረ። የቀሩት እጃቸውን አንሥተው ንጉሡ እንዲያሸንፉ አላህን ለመኑ። ቆይቶ ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ፣ ድሉ የነጃሺ መሆኑን እያበሰረ ተመለሰ።

መንገድ ሲዘጋ፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ማደርን ለምታውቁት የጎጃም ልጆች ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሰሓቦቹ ያን ቀን ያደረጉትን ብቻ ልብ በሉ። የሚዋኘው ዋኘ፤ የማይዋኘው ዱዓ አደረገ። ተወኩል ማለት ይኸው ነው። በእጃችሁ ያለውን ትሠራላችሁ፤ ከእጃችሁ ውጭ ያለውን ለባለቤቱ ትሰጣላችሁ። አቁማዳውን ሳይነፉ ተወኩል የለም፤ አቁማዳውን አምኖም ተወኩል የለም።

ዓመታቱ አለፉ። በመካ የቀሩት ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ተሰደዱ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ተሠራ፤ አዛን ተጀመረ። ከሐበሻ አስቀድመው የተመለሱት እዚያ ደረሱ። አስማና ጃዕፈር ግን በሐበሻ ናቸው። በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ በድር ሆነ፤ የሉም። በሦስተኛው ኡሑድ ሆነ፤ የእህቷ የሰልማ ባል ሐምዛ ተገደለ፤ አስማ ልታጽናናት አልነበረችም። በአምስተኛው ኸንደቅ ሆነ፤ የሉም። በስድስተኛው ሑደይቢያ፤ አሁንም የሉም። ቁርኣኑ መዲና ላይ ይወርዳል፤ እነሱ ባሕር ማዶ ናቸው። እያንዳንዱ ሱራ በወረደበት ቀን በረሱል አጠገብ ተቀምጦ የመስማት ዕድሉ አልፏቸዋል።

የዛሬ ሰው ቢሆን እንዴት ያመዋል! ስልኩን ሲከፍት የጓደኛው የምረቃ ፎቶ፣ የአብሮ አደጉ ሠርግ፣ የታናሹ መኪና ይመጣበታል። እሱ እዚያው ነው። አስማ ስልክ አልነበራትም፤ ወሬው ግን በመርከብ ይደርሳት ነበር። ያመለጧት ነገሮች ደግሞ መኪናና ሠርግ አልነበሩም፤ በድርን የሚያህል ነገር ነው።

በእነዚያ ዓመታት ምን ትሠራ ነበር? በሐበሻ ምድር ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደች፤ ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን ይባላሉ። በዐረብኛ ተናጋሪ ባልሆነ አገር፣ መድረሳ በሌለበት፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ርቃ በተውሒድ አሳደገቻቸው። የአገሩን ሰው ልማድ አየች፤ ተማረች። በኋላ እንደምናየው ያየችው ነገር በከንቱ አልቀረም። ሕይወት መዲና ስገባ ይጀምራል ብላ ልጆቿን ሳትወልድ፣ ቤቷን ሳታቀና አልቆየችም። እናንተም ሕይወታችሁ ሥራው ሲገኝ ወይም ውጤቱ ሲመጣ የሚጀምር አይምሰላችሁ። ዛሬ የምትሰግዱት ሶላት፣ ዛሬ የምትታዘዙት እናት፣ ዛሬ የምትማሩት የእጅ ሙያ ሁሉ በመዝገባችሁ ውስጥ እየተጻፈ ነው።

የሁሉም መጠበቅ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም አስተውሉ። ከአስማ ጋር በሐበሻ ከነበሩት እህቶች አንዷ የአቡ ሱፍያን ልጅ ኡሙ ሐቢባ ነበረች። ባሏ እዚያው ሞተባት፤ ልጇን ይዛ በባዕድ አገር ብቻዋን ቀረች። አባቷ ደግሞ በመካ የሙስሊሞች ጠላት ነበር፤ ወደ እሱ መመለስ አትችልም። ሁሉም በር የተዘጋ ይመስል ነበር። በዚያ ሁኔታ ላይ እያለች ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለጋብቻ እንደጠየቋት የሚናገር መልእክት ወደ ነጃሺ መጣ። ንጉሡም መህሯን 400 ዲናር ከፈሉላት። የኡሙ ሐቢባ ፈረጅ እዚያው በጠበቀችበት አገር መጣላት። የአስማ ግን ገና ነበር። የጎረቤታችሁ ዱዓ ቀድሞ ስለተሰማ የእናንተ ተረስቷል ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ። ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐምር ኢብን ኡመያን ወደ ነጃሺ ልከው የቀሩት ስደተኞች እንዲመለሱ ጠየቁ። ንጉሡ በሁለት መርከብ አሳፈሯቸው። ከየመን ተነሥተው ነፋስ ወደ ሐበሻ የወሰዳቸው አቡ ሙሳ አል አሽዐሪና ባልደረቦቹም አብረዋቸው ነበሩ። ጊዜው ሰባተኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. 628 ነው። አስማ ከመካ ከወጣች 13 ዓመት ገደማ ሆኗታል።

የደረሱት ልክ ኸይበር በተከፈተበት ጊዜ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጃዕፈርን ሲያዩ እጅግ ተደሰቱ፤ በኸይበር መከፈት ይሁን በጃዕፈር መምጣት የትኛው ይበልጥ እንዳስደሰታቸው እንደማያውቁ መናገራቸው ተዘግቧል። ሌላም ነገር አደረጉ። ከኸይበር ምርኮ በጦርነቱ ያልተሳተፈ ሰው ድርሻ አልተሰጠውም፤ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሰጡ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ደርሰው ድርሻ ያገኙ ሰዎች እነሱ ናቸው።

በመርከቡ ከመጡት ውስጥ ሐበሻ ምድር ተወልዳ ያደገች ኡሙ ኻሊድ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጌጥ ያለው ልብስ በእጃቸው አልብሰዋት፣ በሐበሾች ቋንቋ ሰናህ አሏት፤ ቆንጆ ማለት ነው። ሠናይ የሚለውን የግዕዝ ቃል የምታውቁ ሰዎች ፈገግ እንደምትሉ አልጠራጠርም። የስደቱ አገር ቋንቋ ሳይቀር በረሱል አንደበት ተከበረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ግን አስማ በልቧ የያዘችው ጥያቄ የተነሣው ከደረሰች በኋላ ነው።

አንድ ቀን የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሐፍሳን ልትጠይቅ ሄደች። የሐፍሳ አባት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ገባ። ይህች ማን ናት ብሎ ሲጠይቅ አስማ መሆኗ ተነገረው። ያቺ ሐበሻዊቷ፣ ያቺ በባሕር የመጣችው ናት ወይ አለ። ቀጥሎም እኛ በሒጅራ ቀድመናችኋል፤ ስለዚህ ለአላህ መልእክተኛ ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን አላት።

የዑመር ንግግር ለዓመታት የደከመችበትን ቦታ ነካ። አስማ ተቆጣች። ዝም አላለችም። እናንተ ከረሱል ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፤ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን ዘመድ በሌለን ሩቅ አገር ነበርን፤ እንጎዳ ነበር፤ እንፈራ ነበር፤ ያም ሁሉ ለአላህና ለመልእክተኛው ሲባል ነበር ብላ መለሰችለት። ለረሱል ሳልነግር ምግብ አልቀምስም፤ ውኃም አልጠጣም፤ ስነግራቸውም አልዋሽም፤ አልጨምርም ብላ ማለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማሩ። ለምን ዘገየሁ፣ ቦታዬ የት ነው ብሎ ማዘን የኢማን ጉድለት አይደለም። አስማ ሰብር ያላት ሴት ነበረች፤ ግን ተሰማት። ስሜቷን ይዛ የሄደችው ወደ ትክክለኛው ቦታ ነው። ሰው ለሰው አላማችም፤ በመዲና ሰፈር እየዞረች ዑመርን አላነወረችም። ቃል ሳትጨምር ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች።

የመጣላት መልስ እስከ ዛሬ ድረስ በቡኻሪና በሙስሊም ስብስቦች ተጽፎ ይገኛል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዑመር ከእናንተ ይበልጥ ለእኔ የቀረበ አይደለም አሏት። ለእሱና ለባልደረቦቹ አንድ ሒጅራ አላቸው፤ ለእናንተ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ አላችሁ አሏት።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ያ ሁሉ ከመዲና የራቀችበት ጊዜ፣ ተቀነሰብኝ ብላ ያዘነችበት፣ አላህ ዘንድ የተጻፈው በመደመር ነበር። ቀርቶብኛል ያለችው ሁለተኛ ሒጅራ ሆኖ ቆያት። እሷ በሐበሻ ሆና ይህን አታውቅም ነበር። የዘገየችበትን ምክንያት የሚነግራት መልአክ አልመጣም። ሳታውቅ ጠበቀች፤ ሳታውቅ ተጻፈላት።

ይህን የሰሙት የመርከቡ ሰዎች ወደ አስማ ቤት በቡድን በቡድን እየመጡ ያንን ሐዲስ ንገሪን ይሏት ነበር። አቡ ሙሳ ራሱ ደጋግሞ አስደገማት። በዱንያ ላይ ካገኙት ነገር ሁሉ እንደዚያ ንግግር ያስደሰታቸው አልነበረም። ገንዘብ አይደለም፤ ሹመት አይደለም። ዓመታታችሁ አልባከኑም የሚል ቃል ነው።

አሁን ግን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የዛሬው ነገር ጭብጡ ያለው እዚህ ነው። አንዳንዴ ተወኩልን እንደ ንግድ እናየዋለን። እኔ ልታገሥ፣ አላህ ደግሞ የምፈልገውን ይስጠኝ እንላለን። የአስማ ሕይወት ይህን አይቀበልም። 13 ዓመት ገደማ የጠበቀችውን ነገር አገኘች፤ ከባሏ ጋር በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከተማ ገባች። አብረው የኖሩበት ግን አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነው።

በስምንተኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ629 ጃዕፈር ወደ ሙእታ ዘመተ። ከሦስቱ መሪዎች ሁለተኛው ነበር። ዘይድ ኢብን ሓሪሣ ሲወድቅ ሰንደቁን ያዘ። ቀኝ እጁ ሲቆረጥ በግራው፣ ግራውም ሲቆረጥ በክንዶቹ አቅፎ ይዞ እስኪወድቅ ድረስ ተዋጋ። አላህ በእጆቹ ፈንታ ሁለት ክንፎች ሰጥቶት በጀነት ይበርራል፤ ክንፋሙ ጃዕፈር የሚባለውም ለዚህ ነው።

በዚያ ቀን አስማ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገቡና የጃዕፈርን ልጆች አምጪልኝ አሏት። አቀፏቸው፤ አሸተቷቸው፤ ዓይናቸው አነባ። ገባት። ከጃዕፈር የሰሙት ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው፤ ዛሬ እንደተገደለ ነገሯት። ጮኸች፤ ሴቶች ተሰበሰቡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው የጃዕፈር ቤተሰብ ላይ የሚያስጨንቅ ነገር መጥቷልና ምግብ ሥሩላቸው አሉ። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዛችሁ ስትሄዱ የምትከተሉት ሱና ከአስማ ቤት የወጣ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። የልጆቹን ፀጉር አስላጩ። ዐብደላህን በመልክም በጠባይም እኔን ይመስላል አሉና ንግዱ እንዲባረክለት ዱዓ አደረጉለት። አስማ የልጆቹን የቲምነት ስታነሣ፣ እኔ በዱንያም በአኺራም ወሊያቸው ሆኜ ሳለሁ ድህነትን ትፈሪላቸዋለሽ ወይ አሏት። ያ በሐበሻ የተወለደው ዐብደላህ አድጎ በደግነቱ ስሙ የሚነሣ ሰው ሆነ።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ የአስማ ተወኩል በምን ላይ ነበር? መዲና በመግባት ላይ ቢሆን ኖሮ በገባች በዓመቷ ተሰብሮ ይቀር ነበር። ጃዕፈር ላይ ቢሆን ኖሮ ሙእታ ላይ አብሮ ይቀበር ነበር። የምትደገፈው በማይሞተው ላይ ስለነበር ግን ከዚያ በኋላም ቆመች።

ሕይወቷን እስከ መጨረሻ ተከተሉት። ከጃዕፈር በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) አገባት። በአሥረኛው ዓመተ ሒጅራ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለመሰናበቻ ሐጅ ሲወጡ አብራ ወጣች። ዙልሑለይፋ ሲደርሱ ምጥ ያዛትና ሙሐመድ ኢብን አቢበክርን ወለደች። ሌላ ሰው ቢሆን ሐጁ አመለጠኝ ይል ነበር። እሷ ምን ላድርግ ብላ ወደ ረሱል ላከች። ታጥበሽ፣ ጨርቅ አስረሽ ኢሕራም አድርጊ አሏት። የወለደች ሴት በሐጅ ምን እንደምታደርግ ኡማው የተማረው በእሷ ነው። መሰናክል የመሰለው ነገር እስከ ቂያማ ለሚመጡ እናቶች ትምህርት ሆነ።

በ13ኛው ዓመተ ሒጅራ አቡበክር (ረ.ዐ) ሲሞት ባዘዘው መሠረት ያጠበችው እሷ ናት። ከዚያ የጃዕፈር ወንድም ዐሊይ (ረ.ዐ) አገባት። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ በሕይወት እያለች፣ የሴት አስከሬን በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርጿ እየታየ መወሰዱ እንደሚያሳስባት ለአስማ እንደነገረቻት ተዘግቧል። አስማም በሐበሻ ያየችውን ነገረቻት። ለጋ ዝንጣፊዎች አምጥታ በቃሬዛው ላይ ቀስት አድርጋ አጎበጠቻቸውና ጨርቅ አለበሰችው። ፋጢማ ወደደችው፤ ለራሷም እንዲሁ እንዲደረግላት ተናዘዘች። በዚያ በባከነ በሚመስለው የሐበሻ ዘመን ዓይኗ ያየው ነገር፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የረሱልን ልጅ ገመና ሸፈነ።

ፈተናው እስከ እርጅናዋ አልተቋረጠም። በዙልሑለይፋ የወለደችው ልጇ ሙሐመድ በ38ኛው ዓመተ ሒጅራ ግብፅ ውስጥ ተገደለ። ሲነገራት ወደ መስገጃዋ ሄዳ ሐዘኗን ውጣ ተቀመጠች ይባላል። መስገጃው በመካም፣ በሐበሻም፣ በመዲናም ያልተለያት ቦታ ነበር።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ ከዚህ ሕይወት ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ ሥራችሁን ሥሩ። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ መጽሐፉ አልተዘጋም። የመንግሥት ቅጥር ቢዘገይ ስፌቱ፣ ጥገናው፣ ንግዱ፣ የአባታችሁ ማሳ አለ። የእነማይ ገበሬ ጤፉን ሐምሌ ላይ ዘርቶ እስከ ኅዳር ሲጠብቅ አይተኛም፤ ያርማል። ዝናቡ ግን በእጁ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ሰዓታችሁን ከሰው ሰዓት ጋር አታስተያዩ። በድር የደረሰ አለ፤ ኸይበር የደረሰ አለ። ሁለቱንም የሚጽፈው አንድ ጌታ ነው። ወንድማችሁ ሲቀድማችሁ ባረከላሁ በሉት፤ ከእሱ የተሰጠው ከእናንተ ተቆርጦ አልተሰጠም። የዘገየ ሰው ስታገኙም ቃላችሁን መዝኑ። ያገባኸው መቼ ነው፣ እስካሁን ሥራ የለህም ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ሰው ውስጥ ምን እንደሚያደርሱ አስማን ጠይቋት።

ሦስተኛ፣ የሚያስጨንቃችሁን ወደ አላህ ይዛችሁ ሂዱ። በጭንቅ ጊዜ የሚባል ዱዓ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት ለዚህችው ለአስማ ነው፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ረጅም አይደለም። ጌታዬ አላህ መሆኑን፣ በእሱም ላይ ምንም እንደማላጋራ የሚመሰክር ነው። ልመና እንኳ የለበትም። ሥራ ስጠኝ፣ ልጄን መልስልኝ አይልም። የምደገፈው ማንን እንደሆነ ለራሴ የማስታውስበት ነው። ከኡስታዞቻችሁ ቃሉን በዐረብኛ ጠይቃችሁ ሐፍዙት። ዛሬ ከዐስር በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዱዓ ተቀባይነት ያገኝበታል ተብሎ ተስፋ በሚደረግበት ሰዓት በሉት።

በዚያች ሰዓት ለብቸናና ለሞጣ፣ ለጎጃምና ለመላ አገራችን ሰላም ዱዓ አድርጉ። ሰሓቦቹም ለተጠለሉበት አገርና ለንጉሡ ዱዓ አድርገው ነበር። የተዘጋው ትምህርት ቤት እንዲከፈት፣ የጠፋው እንዲገኝ፣ የተሰደደው በሰላም ቤቱ እንዲገባ ለምኑ።

ያ አላህ! የዘገየብንን ነገር ኸይር ከሆነ አቅርብልን፤ ኸይር ካልሆነ ልባችንን ከእሱ አንሣልን። ስንጠብቅ የምንኖራቸውን ቀናት ከባከኑት አታድርግብን። እንደ መርከቡ ሰዎች በእጥፍ ጻፍልን። አሚን።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አብዙ፤ ሱረቱል ከህፍን አትርሱ። የሚጠብቅ ወዳጅ ካላችሁም ይህን አድርሱለት።

ወላሁ አዕለም።